በሰርዶ ላይ የተደረበው መስኮት

«እህትሽ ሥራ አትሠራም» አለ ፍሬምናጦስ፣ አፉ በእንቁላል ፍርፍር እንደ ተሞላ። «ትናንት በጀርባዋ ስንቴ አለፍኩ መሰለሽ። ባለፍኩ ቁጥር አንድ መስኮት። ኮከብ አጠገቧ ቁጭ ብላ ኮምፒውተሩን በመስኮት አጥለቅልቃዋለች፤ ያንቺዋ አንዷን ከፍታ እንደ ልቅሶ ቤት ሰው ትክዝ ብላለች። ዛሬ ኮንትራቷ ያልቃል። ዛሬ ደግሞ ፕሮጀክቱን የሚደጉሙት እንግዶች ይመጣሉ። እነሱ ፊት እንደ ትናንቱ ከጠበቀችኝ ዘመድ ናት ብዬ አላድናትም፤ ወንበሯን የሚፈልግ ሞልቷል።» ከዚያ ዋጠ። የመዋጡ ድምፅ ከንግግሩ ጎልቶ ተሰማ። «ሻይ ጨምሪልኝ» አለ።

ወንጌላዊት የእህቷ ባልም አለቃዋም የሆነው ሰው ይህን ሲል የሰማችው ከችፑድ ግድግዳው ወዲህ፣ በግማሽ ኩባያ ውሃ ጥርሷን ስታጥብ ነው። ችፑድ ዓይን ይጋርዳል እንጂ ድምፅ አይከለክልም፤ እንዲያውም ያጎላል፤ በዚያ ቤት ስኳር ሻይ ውስጥ ሲሟሟ ይሰማል ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም። እህቷ ምህረት ግን «እህቴ እኮ ናት» አላለችም፣ «ተዋት» አላለችም፤ ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ አንኳኳችና ጨመረችለት። ወንጌላዊት አፏን የሞላውን አረፋ ይዛ ቆመች። የሚተፋበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በዚያ ቤት ውሃ ሁለቴ ሳይሠራ አይለቀቅም፤ የተጉመጠመጡበት ሁሉ ለሽንት ቤት በተቀመጠው ባልዲ ይጠራቀማል። ባልዲው ውስጥ የፍሬምናጦስ የማለዳ አክታ እንደ ጥሬ እንቁላል ተንሳፍፎ ይጠብቃት ነበር። ዓይኗን ጨፍና ላዩ ላይ ተፋች።

ስትወጣ ሁለቱም ፈገግ ብለው ተቀበሏት። «ደህና አደሩ ጋሼ» አለች። «እግዜር ይመስገን፣ የኔ ልጅ። ነይ ቁርስ ብዪ» አለ ፍሬምናጦስ፣ ጢሙ ላይ አንዲት የእንቁላል ፍርፋሪ ይዞ። ፍርፋሪዋ በተናገረ ቁጥር ከፍ ዝቅ ትላለች። ምህረት ዓይኗን ከሳህኑ አላነሳችም። ወንጌላዊት ጠግቤያለሁ አለች፤ ካለፈው ምሽት ጀምሮ ምንም ያልበላ ሰው እንደዚያ ሲል የሚያምነው ማግኘት የሚችለው ዘመዶቹ ቤት ብቻ ነው።

ኮንትራቱ ካልታደሰ መመለሻዋ አዋሽ ነው። አዋሽ ላይ እናቷ ወይዘሮ ማሚት፣ የሞተው ባለቤታቸው የባቡር ፍሬን ያዥ በነበረበት ጊዜ የተሰጣቸው አንድ ክፍል አለቻቸው፤ ክፍሏ በጣቢያው ግቢ ጥግ ናት። ባቡሩ መንገዱን ቀይሮ ሌላ ቦታ ማለፍ ከጀመረ ወዲህ ግቢው የፍየል ነው። ወይዘሮ ማሚት ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሻይ አፍልተው ይቀመጣሉ፤ ያልመጣ ባቡር ላልወረደ ተሳፋሪ ሻይ ሸጠው፣ መልሱንም ቆጥረው ይሰጣሉ እየተባለ በሰፈሩ ይቀለድባቸዋል። ከዚያች ክፍል ወጥታ ሰመራ የገባች ልጅ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ እዚያው ስትመለስ ምን እንደሚባል ወንጌላዊት ታውቀዋለች። «እህቷ ቤት እንኳ አልቀመጥ አለች» ነው የሚባለው። ከታደሰ ግን በደመወዙ ሎግያ አንድ ክፍል ትከራያለች፤ አከራይዋን አነጋግራለች። የራሷ በር ይኖራታል። የራሷ ባልዲ።

ወደ ቢሮ በእግሯ ሄደች። የሰመራን ፀሐይ ለማያውቅ መንገር ከባድ ነው። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር መኪናውን አቁሞ ምሳ ሊበላ ገብቶ፣ ጥላውን ውጭ ረስቶት ሲመለስ አሮ አገኘው ይባላል፤ ሰውየው እስከ ዛሬ ያለ ጥላ ነው የሚነዳው። ይህ ውሸት ሊሆን ይችላል። ውሸት ያልሆነው ግን ሰው በጠዋቱ መሽተቱ ነው። ከተማው ቧንቧ ላይ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ጀሪካን ውሃ በጋሪ ሃምሳ ብር ገብቷል፣ ያውም የጋሪው አህያ ቀድማ ጠጥታበት። መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ሽቶ ቀብቷል። ላብና ሽቶ በዚያ ሙቀት አንድ ላይ ሲፈላ ምን እንደሚወጣው አፍንጫ ያለው ይፍረድ።

የምትሠራበት «ጠብታ ለሁሉም» የሚባል ፕሮጀክት ነው። ሥራው ውሃ በቦቴ መላክ ነው፤ ሁለት ቦቴ ነበሩት፣ አንዱ ጋራዥ ገብቶ ጎማ የሌለው ሆኖ ቀርቷል። የቀረችዋን ኢብራሂም ይነዳታል። ጉድጓዱ መብራት በዋለበት ቀን አንድ ቦቴ ይሞላል፤ ስለዚህ በቀን አንድ ቦታ ውሃ ያገኛል፣ ሌላው ይጠብቃል። ቢሮው ውስጥ ኤሲ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ሲሆን ኮምፒውተሮቹ ያሉት እዚያ ነው። ከኤሲው የሚንጠባጠበውን ውሃ በባሊ ያጠራቅሙታል፤ ሠራተኛው ከምሳ በኋላ በተራ እጁን ይነክርበታል። ማታ ላይ ባሊው ላይ የሽሮ ዘይት ቀለበት ሠርቶ ይታያል። ወንጌላዊት አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ በዚያው ስኒ ስታለቀልቅ አይታ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ቢሮ ውስጥ ሻይ ጠጥታ አታውቅም።

የመስኮቱን ነገር ፍሬምናጦስ ያመጣው ከአዳማ ነው። ባለፈው ዓመት «ዘመናዊ አመራር» ለሚባል ሥልጠና ሄዶ፣ ሁለት ቀን ክትፎ ሲበላ ከረመና በሦስተኛው ቀን አዳራሽ ገባ። አሠልጣኙ ላፕቶፑ ላይ መስኮት በመስኮት ላይ ሲከፍት፣ ሲያጠብ፣ ጎን ለጎን ሲያቆም፣ ወደ ግርጌ አውርዶ መልሶ ሲጠራ አፉን ከፍቶ ተመለከተ። ከዚያ የተመለሰው አንድ ነፃ ኮፍያና አንድ እምነት ይዞ ነው፤ ዶሮ በበዛ ቁጥር እንቁላል ይበዛል፣ መስኮት በበዛ ቁጥር ሥራ ይበዛል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጫማውን ከቢሮው በር ያወልቅና በካልሲ፣ ኮሽታ ሳያሰማ፣ በሠራተኛው ጀርባ ያልፋል። የተጻፈውን አያነብም። ዓይኑ ያለው ስክሪኑ ግርጌ፣ የተከፈቱት መስኮቶች ሁሉ ስማቸው በሚደረደርባት ቀጭን መስመር ላይ ነው። መስመሯ ጢም ካለች ትከሻ መታ መታ ያደርጋል። ባዶ ከሆነች ምላሱን ይመጥጣል። ኮሽታ የማያሰማው ሰው ግን የረሳው ነገር አለ፤ ካልሲው ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። የካልሲው ሽታ በሩን ገፋ ሲያደርግ ቢሮው ሁሉ ተንጫጭቶ መስኮት ይከፍታል፤ አንዱ ካልኩሌተር፣ አንዱ የሰርግ ፎቶ፣ አንዱ የማያውቀውን አገር የአየር ሁኔታ። አለቃው ሲደርስ ሁሉም በሥራ ተወጥሮ ያገኘዋል። እዚህ ጨዋታ ውስጥ ያልገባችው ወንጌላዊት ብቻ ናት። የሷ ልማድ አንዱን ከፍቶ፣ ጨርሶ፣ ልኮ፣ ዘግቶ ወደ ቀጣዩ መሄድ ነው።

ገና ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ ስልኳ ጮኸ። ሃፍሳ ነበረች፣ የሰርዶ ጤና ኬላ ነርስ። ሰርዶ ከዚያ ወዲያ፣ የጅቡቲ መኪኖች በሚያልፉበት አስፋልት ላይ ናት፤ ሁለቱ በአካል ተያይተው አያውቁም፣ በስልክ ግን እንደ እህትማማች ናቸው።

«ወንጌልዬ፣ ቦቴው ወጣ?»

«ዛሬ የእናንተ ተራ ነው፣ ሃፍሳ። እኔው ነኝ የምልከው።»

«ወላሂ አታሹፊብኝ። ትናንት የወለደችውን ሴት በምን እንዳጠብናት ታውቂያለሽ? ከሹፌሮች በለመንነው የእሽግ ውሃ። አንዱ ሹፌር ግማሹን ጠጥቶለት ነው የሰጠን፣ የሲጋራ ሽታ አለው። ምን ላድርግ፣ አጠብኳት።»

«ዛሬ ይደርሳል አልኩሽ እኮ።»

«ኢንሻአላህ። ለሴቶቹ ልንገራቸው?»

«ንገሪያቸው» አለች ወንጌላዊት።

የሰርዶን መስኮት ከፈተች። ፕሮግራሙ ለየቦታው የራሱን መስኮት ያወጣል፤ ሁሉም ቁርጥ አንድ ዓይነት ናቸው። ግንባራቸው ሰማያዊ ነው፣ ግንባራቸው ላይ የቦታው ስም በጉንዳን ፊደል ይጻፋል፣ ሆዳቸው ውስጥ የሹፌሩ ስም ይገባል፣ ከታች «ላክ» የምትል አረንጓዴ ቁልፍ አለች። እሷ ከተነካች ኢብራሂም ስልክ ላይ መልእክት ይደርሳል፣ እሱም ሞተር ያስነሳል። ወንጌላዊት ሞላችና ጣቷን ልታሳርፍ ስትል የካልሲው ሽታ መጣ።

«ማንም እንዳይልክ» አለ ፍሬምናጦስ ከኋላዋ። «እንግዶቹ ሲመጡ፣ እዚሁ ዓይናቸው እያየ ነው የሚላከው።»

«ሰርዶዎች እየጠበቁ ነው፣ አቶ ፍሬምናጦስ።»

«ውሃ ጠብቆ የሞተ የለም» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የስክሪኑን ግርጌ አየ። አንድ ብቻ። ምላሱን መጠጠ። ጠዋት ከእንቁላሉ ጋር የገባው ሽንኩርት አንገቷ ላይ ሞቅ ብሎ አረፈ። ሄደ፤ ያቺ የምላስ ድምፅ ሻንጣ እንደ ማሰር ነበረች።

ወንጌላዊት ወደ ጎረቤቷ ዞረች። ኮከብ ቆሎ እየቆረጠመች፣ በትክክል የማይቆጠር መስኮት ከፍታ፣ ከሁሉም በታች ፊልም እያየች ነበር።

«ኮክዬ፣ አስተምሪኝ።»

«ምኑን?»

«ይኼን መስኮት የምትሉትን።»

ኮከብ ስትስቅ ከአፏ የወጣች ገብስ ኪቦርዱ ውስጥ ገባች። ያ ኪቦርድ ቢገለበጥ አንድ ቤተሰብ ቁርስ ይበላበታል። «በስንት መከራ ገባሽ። እኔ የአለቃ ሚስት እህት አይደለሁ፣ ምን አይደለሁ፤ ኮንትራቴ ግን በታደሰ ቁጥር እየረዘመ ነው። ሥራ ስለምሠራ መሰለሽ?» ጣቷን ላሰችና የወንጌላዊትን ማውስ ያዘች። ሎግያን ከፈተች፣ ዱብቲን ከፈተች፣ ሚሌን ከፈተች፤ ሁሉም ባለፉት ቀናት ውሃ የሄደላቸው ናቸው። «ይሄ አይበቃም። መስመሯ መሙላት አለባት። ፕሮግራሙ ደግሞ የማያውቀውን ቦታ አይቀበልም፣ የምታውቂውን ግቢ ሁሉ ክተችበት።» ትምህርት ቤት ከተተች፣ መስጊድ ከተተች፣ አንድ ጋራዥ ከተተች። በመጨረሻ «የእንግዳ ማረፊያ ግቢ» ብላ ጻፈች፤ ይኸውም እንግዶቹ የሚያርፉበት፣ የፍሬምናጦስም መኖሪያ ያለበት ግቢ ነው። ሹፌሩንም ሁሉም ላይ ኢብራሂም አለችው።

«ይሄ ቢላክስ?» አለች ወንጌላዊት።

«ማን ይልከዋል? ላክ የምትለዋን ካልነካሻት አንድም አይናከስም። አየሽ፣ እንዲህ አንዱን በአንዱ ላይ ታስደግፊዋለሽ፣ ግንባር ግንባራቸው ብቻ ብቅ ይላል። ሰርዶሽን ከፊት አድርጊያት። በቃ።»

መስኮቶቹ ሰርዶ የፍተሻ ኬላ ላይ እንደተሰለፉ ከባድ መኪኖች፣ አንዱ የሌላውን ቂጥ እያሸተተ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ተደረደሩ። ግርጌዋ መስመር ጢም አለች። ኮምፒውተሩ መንፈቅፈቅ ጀመረ፤ ውስጡ ያለው ቬንትሌተር የታመመ ሽማግሌ ሲያስል ይመስላል፣ በቀዳዳው በኩልም የተቃጠለ አቧራና የተጠበሰ ዝንብ ይሸታል። ወንጌላዊት ስክሪኑን አይታ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ግን ግርጌዋን መስመር ደግማ አየቻት። ታምራለች። ይህን ስታስብ በራሷ አፈረች።

እንግዶቹ የደረሱት ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ሁለት ናቸው፤ አንዱ አንገቱን በናፕኪን የሚጠርግ ሰፊ ሰው፣ አንዷ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት። ፍሬምናጦስ ቀድሞ የፍየል ጥብስ ጋብዟቸው ነበርና ሦስቱም ከናፍራቸው እያብለጨለጨ ገቡ። በየእጃቸው የእሽግ ውሃ ይዘዋል። ሴትዮዋ አንድ ጉንጭ ጠጥታ ጠርሙሱን የወንጌላዊት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፣ አፉ ላይ የከንፈር ቀለም እንዳለ። ሰውየው የሱን ለሲጋራው ጋበዘው፤ ቁራጩን ውስጡ ጨመረና ጢስ ሲል ሰማው። ግማሽ ጠርሙስ ውሃ ቡናማ ሆነ። ወንጌላዊት ሃፍሳን አሰበች፣ ከዚያ አለማሰብ እንደሚሻል አሰበች።

«ይቺ ምርጥ ባለሙያዬ ናት» አለ ፍሬምናጦስ፣ የግርጌዋን መስመር ገና ከሩቅ አይቶ። ድምፁ በደስታ ተሰበረ። «ተመልከቱልኝ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው የምትመራው።» ማውሱን ከእጇ ወሰደና እሱ ራሱ መንካት ጀመረ። አንዱን መስኮት ሲነካ ብድግ ብሎ ከፊት ይመጣል፣ ሌላው ከኋላ ይሄዳል። «ይኸው ሎግያ። ይኸው ዱብቲ። ይኸው ይኸው።» እንደ ካርታ ተጫዋች ይበውዛቸው ነበር። ማውሱ አልበቃው ሲል በጣቱ ስክሪኑን ጫነ፤ የፍየሉ ጮማ መስታወቱ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ደመና ሠራ። ከዚያ ማውሱን መለሰላት። ሞቆ፣ ረጥቦ፣ ተንሸራቶ ነበር። «አሁን ቦቴ እንዴት እንደሚላክ አሳዪያቸው፣ የኔ ልጅ። የሰርዶን ላኪው።»

ወንጌላዊት ተመለከተች። ከፊት ያለው መስኮት ግንባሩ ሰማያዊ ነው፣ ሹፌሩ ኢብራሂም ነው፣ ቁልፏ አረንጓዴ ናት። ግንባሩ ላይ ያለው ስም የጮማው ደመና ሥር ነው። ሰርዶን ከፊት ነበር ያስቀመጠቻት። ሦስት ሰው አንገቷ ላይ ይተነፍሳል። ነካችው።

«ተልኳል» አለ ስክሪኑ።

በሹራቧ ጫፍ ደመናውን ጠረገች። ለመጥረግ ያህል ነበር። «የእንግዳ ማረፊያ ግቢ» ይላል። ከኋላው፣ ጥግ ላይ፣ ሰርዶ ግንባሯን ብቻ ብቅ አድርጋ ቁጭ ብላለች፤ ማንም አልነካትም።

ሴትዮዋ አጨበጨበች። ሰውየውም ናፕኪኑን እንደያዘ አጨበጨበ። ፕሮግራሙ «ሰርዝ» የምትል ቀይ ቁልፍ አለው፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ከታች በኩል ትታያለች። የወንጌላዊት እጅ ወደ እሷ ሄደ። «እንደዚያው ሁኚ፣ እጅሽ ማውሱ ላይ ይሁን» አለች ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ፣ «ለሪፖርቱ ፎቶ ላንሳሽ።» ወንጌላዊት እጇን ቀይዋ ቁልፍ ላይ እንዳደረገች ፎቶ ተነሳች። «አቶ ፍሬምናጦስ» አለች ቀስ ብላ። እሱ ግን ለእንግዶቹ እያወራ ነበር፤ «እንዲህ ያለችውን ልጅ መልቀቅ አይቻልም። ኮንትራቷን ዛሬውኑ ነው የማድሰው፣ ለሙሉ ዓመት።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ምን አልሽ?»

«ምንም» አለች። ቀይዋ ቁልፍ ጠፋች።

እንግዶቹ ወጥተው ቢሮው ፀጥ ሲል ስልኳ ጮኸ። ኢብራሂም ነው። ከጀርባው የውሃ ድምፅ ይሰማል፣ ያን የሚንቦጫቦጭ፣ ከወፍራም ቱቦ የሚወርድ ድምፅ።

«እህቴ፣ ትናንት ለነገ ሰርዶ ብለሽኝ አልነበር? መልእክቱ ግን የአለቃ ግቢ አለኝ። ቱቦውን ከፈትኩ፣ ሮቶው እየሞላ ነው፣ ግን ገረመኝ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ላቁመው? ገና ግማሹም አልሄደ። በዚህ ሰዓት ብነሳ ሳይመሽ ሰርዶ ነኝ። አቁም በይኝ ብቻ። ግን እቅጩን ልንገርሽ፣ ሰውየው ማን አስቆመህ ካለኝ ወንጌላዊት ነው የምለው። ልጆች አሉኝ፣ ወላሂ።»

ኮከብ ቆሎዋን ማላመጥ አቁማ ታያት ነበር። «ዝም በይ» አለች በሹክሹክታ። «ነገ ትልኪላቸዋለሽ። እስከ ዛሬ የጠበቁ ሰዎች አይደሉ?» ወንጌላዊት አፏን ከፈተች። ሎግያ ያለችው ክፍል፣ የራሷ በር፣ የራሷ ባልዲ ዓይኗ ላይ መጡባት። በሩ በኩል የካልሲ ሽታ ገባ።

«ቆይ፣ መልሼ ልደውልልህ» አለችና ዘጋችው።

ፍሬምናጦስ መጥቶ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። እጁ አሁንም ይወዛል፤ ሸሚዟ ላይ የጣቱ ምልክት ቀረ። ወረቀቱን አስፈረማትና ሄደ። እሷም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ቀኑን ሙሉ መልሳ ልትደውል አንዴ ካልሲው እስኪያልፍ፣ አንዴ ኮከብ እስክትወጣ፣ አንዴ ደግሞ በረንዳው ላይ ሰው እስኪቀንስ ጠበቀች። ሰው የማይፈልገውን ነገር ለማድረግ ምቹ ሰዓት ሲጠብቅ ሰዓቱ ሁሉ የማይመች ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ኢብራሂም አጭር መልእክት ላከ፤ «አለቀ» ይላል።

ከሥራ ስትወጣ ግቢያቸውን ከሩቅ በድምፁ አወቀችው። የእንግዶቹ መኪኖች በር ላይ ቆመው ይታጠባሉ፤ አረፋው ከጎማው ወርዶ፣ በአሸዋው ላይ መንገድ ቀዶ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ሄዷል። ፍየሎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ተሰልፈው ያን ሳሙናም ዘይትም ያለበት ውሃ ይልሳሉ። አንዷ ፍየል አፏ ነጭ አረፋ ሞልቶት፣ ጥርሷን እየታጠበች ይመስል፣ ወንጌላዊትን ቀና ብላ አየቻት። ግቢው ውስጥ በርሜሉ ሞልቷል፣ ጀሪካኑ ሞልቷል፣ ድስቱ ሳይቀር ሞልቷል። ምህረት መጋረጃውን ሁሉ አውርዳ አጥባ ገመድ ላይ ሰቅላዋለች፤ ከመጋረጃው የሚንጠባጠበው ውሃ መሬት ሲነካ ጢስ ይላል። ፍሬምናጦስ በረንዳው ላይ እግሩን ሳፋ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ተረከዙን በድንጋይ ይፈገፍጋል። የሚላጠው ቆዳ ሳፋው ላይ እንደ አይብ ተንሳፍፏል። ካልሲዎቹ ሌላ ሳፋ ውስጥ ለብቻቸው ተዘፍዝፈዋል፣ ውሃውም ጥቁር ሻይ መስሏል።

«ነይ፣ የኔ ጀግና» አለ። «አየሽ አይደል? መስኮት ማለት ይኼ ነው።» ከዚያ ከጎኑ ካለው ጆግ ተጎንጭቶ አፉን ተጉመጠመጠና፣ ባልዲውን ሳይፈልግ፣ ሩቅ አሻግሮ ግቢው ላይ ተፋው።

ወንጌላዊት ወደ ውስጥ ገባች። ምህረት ፎጣ ይዛ ተከተለቻት። ፊቷ ታጥቦ፣ ፀጉሯ ርሶ፣ አዋሽ ወንዝ ወርደው ከልብስ አጠባ ሲመለሱ የነበረችውን ልጅ መስላለች። «ገብተሽ ታጠቢ» አለች። «ፀጉርሽ ጠረኑ ተቀይሯል፣ ልነግርሽ ፈርቼ ነው።»

«ምህረት፣ ይኼ ውሃ እኮ» አለች ወንጌላዊት።

ምህረት ፎጣውን ትከሻዋ ላይ አደረገችላትና ጠርዙን አስተካከለች። ለረጅም ጊዜ ነው ያስተካከለችው። «እኔ ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም» አለች፣ ድምፁ ችፑዱን እንዳያልፍ ዝቅ አድርጋ። «ሻዩንም፣ ስኳሩንም፣ ምኑንም። አንቺም አትጠይቂኝ።» ከዚያ ወጣች። ጠዋት ብርጭቆው ውስጥ የተንኳኳችው ማንኪያ ለወንጌላዊት አሁን ገና ተሰማቻት።

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ በርሜሉ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ስልኳን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች፣ ልብሷን አወለቀች፣ በጣሳ ቀድታ አናቷ ላይ አፈሰሰች። ውሃው ለብ ያለ፣ የቦቴው ዝገት የሚሸት ነው። ከአንገቷ የወረደው ግራጫ ነበር፣ ቀጥሎ የወረደው ቡናማ። ሰውነቷ ሳይጠይቃት ደስ አለው፤ ቆዳዋ እንደ ሕፃን ነዘረ፣ ጉሮሮዋ ውስጥ እንደ ሳቅ ያለ ነገር መጣ። ያ ደስታ ከሳፋው ቆዳም ከባልዲው አክታም ይልቅ አስጠላት። ፀጉሯን ሳሙና ቀብታ ስታሽ ስልኩ ጮኸ። ካላነሳችው ደግሞ ይጮኻል። አነሳችው።

«ወንጌልዬ» አለች ሃፍሳ። ድምጿ ደርቋል። «ሰዉ አስፋልቱ ዳር ጀሪካን ደርድሮ ቆሟል። ሊመሽ ነው። ወጥቷል ወይ?»

«ወጥቷል።»

«የት ደርሷል?»

«መንገድ ላይ ነው።» ሌላኛው እጇ የያዘው ጣሳ ዘንበል ብሎ ውሃው በርሜሉ ላይ ተንቦጫረቀ።

«ምንድነው እሱ የሚሰማኝ? ውሃ ነው?»

ወንጌላዊት በርሜሉን አየች። አረፋው በጆሮዋ በኩል ወደ ስልኩ ይወርዳል።

«ዝናብ ነው» አለች።

በዚያ ወር፣ በዚያ አገር፣ እንኳን ዝናብ ደመና የሚባል ነገር መኖሩን የሚያስታውስ አልነበረም። ሃፍሳ ትስቃለች፣ ወይ ትሳደባለች ብላ ወንጌላዊት ጠበቀች። ቢሆንላት ስድቡን ትመርጥ ነበር።

«ዝናብ» አለች ሃፍሳ በመጨረሻ፣ ድምጿ ሌላ ሆኖ። «አልሐምዱሊላህ። እኛ ጋ ሰማዩ እንደ ሳህን ጥርት ብሏል። ግን እናንተ ጋ ከጀመረ መድረሱ ይቀራል? ቆይ፣ ቆይ አትዝጊው፣ ለሴቶቹ ልንገራቸው፣ ሳፋ ያውጡ።»

ስልኩን አንድ ቦታ አስቀምጣው ሄደች። ከሩቅ በአፋርኛ ስትጣራ ተሰማ። አንዲት ሴት ጮክ ብላ መለሰችላት፣ ሌላዋ ሳቀች፣ የሕፃን ለቅሶ ብቅ ብሎ ጠፋ። ከዚያ የቆርቆሮ ሳፋዎች መሬት ሲነኩ ተሰማ፤ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ከራቀ ቦታ ሌላው። ወንጌላዊት ውሃው ድምፅ እንዳያወጣ ጣሳውን በአየር ላይ ይዛ ቆመች። ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገባና መለብለብ ጀመረ። ታገሠች። ሰርዶ ላይ አንድ ሳፋ ደግሞ ተቀመጠ። ትንሽ ታገሠች፣ ከዚያ ጣሳውን በርሜሉ ውስጥ ነከረችው።